ሁለት ልጆቼን ቤት እያስተማርኩ ነው፤ ግብ ማውጣቱ ላይ ግን ተሰናከልኩ

ሒሳብ ዘጊዋ (አራት ኪሎ)
ኅዳር 9፣ 2018፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ትገባ ነበር። ትንሹ ስድስት ሊሞላው ነው። ከመስከረም ጀምሮ ሁለቱንም ቤት ነው የማስተምራቸው። ሥራዬ ሒሳብ ነው። እቤቴ ሆኜ የሦስት ትናንሽ ድርጅቶችን የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ። ባለቤቴ ራይድ ይሠራል፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። እናቴ አብራን ትኖራለች። እሷ ባትኖር አንድ ሳምንትም አልቆይም ነበር። ነገሩ የጀመረውም ከእሷ ነው።

ባለፈው ሰኔ የእድሯ ደብዳቤ መጣ። መነጽሯ ጠፍቶባት ትልቋን «እስኪ አንብቢልኝ» አለቻት። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ አነበበችው። እንደ ዜና አንባቢ ነው የምታነበው። ስትጨርስ እናቴ «እና ወርሃዊው ስንት ሆነ ነው የሚሉት?» አለቻት። ልጅቷ ዝም። ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። በመጨረሻ «አንብቢ ነው እንጂ ስንት ሆነ አላልሽኝም» አለቻት።

በዚያው ሳምንት ካርድ ተሰጠ። አማርኛ፣ 94።

እኔ ደግሞ የመዝገቡ ቁጥርና የመጋዘኑ ዕቃ ካልተገናኘ እንቅልፍ አይወስደኝም። መዝገቡ 94 ካርቶን አለ ይላል፤ ገብታችሁ ስትቆጥሩ መደርደሪያው ባዶ ነው። ልክ እንደዚያ ነው የተሰማኝ። ትምህርት ቤቱን ለመውቀስ አይደለም። አንዲት መምህር ያን ሁሉ ልጅ ይዛ እያንዳንዱን «ምን ገባህ?» ልትል አትችልም። ክፍያውም ጨምሯል፣ ሰርቪሱም ጨምሯል። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን «አንድ ዓመት ቤት እንሞክረው፤ ለከርሞ እናያለን» አልን።

ነሐሴ ላይ ቁጭ ብዬ ግብ አወጣሁ። በኤክሴል ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን አውቃለሁ። ለትልቋ 27፣ ለትንሹ 16፣ በድምሩ 43 ግብ። እያንዳንዱ የሚያልቅበት ቀን አለው። ያለቀው አረንጓዴ ይሆናል፣ የዘገየው ቀይ። አሳትሜ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። እስከ መስቀል ድረስ አረንጓዴ ነበር። ጥቅምት ላይ መቅላት ጀመረ። አሁን ፍሪጄ በርበሬ የተሰጣበት ነው የሚመስለው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። «ትንሹ ፊደል በ33 ቀን ይጨርሳል» ብዬ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። 33 ፊደል፣ እያንዳንዱ ሰባት ዓይነት፣ 231። በቀን አንድ መስመር። በ33ኛው ቀን እውነትም ጨረሰ። አጎቱ ፊት አቆምነው፤ ከሀ እስከ ፐ እንደ መዝሙር ወረደው። እልል አልን። አጎቱ ግን ክፉ ነው፤ ጋዜጣ አንስቶ አንዷን «ጌ» ጠቆመው። ልጄ ጣቱን ዘረጋ። «ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ፣ ጌ… ጌ!» አለ። «ሾ»ን ጠቆመው። «ሸ፣ ሹ፣ ሺ፣ ሻ፣ ሼ፣ ሽ፣ ሾ!» ላብ በላብ ሆነ። ይሄ ልጅ ፊደል ጨርሷል ወይስ አልጨረሰም? ፍሪጁ ላይ አረንጓዴ ነው።

«ትልቋ ማባዛትን ትረዳለች፣ እስከ ጥቅምት 30» የሚልም አለ። እስከ 12 ድረስ በቃሏ ትላለች። መረዳቷን ግን በምን ልወቅ? «እንግሊዝኛ ትወዳለች» የሚልም ጽፌያለሁ። ይሄን ስጽፍ ምን ነክቶኝ እንደነበር እንጃ።

ፍሪጁ ላይ የሌለው ነገር ደግሞ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ በእግራችን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ስንሄድ ልጅቷ «ከአራት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ አንድ ኪሎ ሜትር ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሙዚየም ውስጥ ከድንቅነሽ ይልቅ ሰላም ነች የያዘቻት። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያላት፣ ስትሞት ግን ሦስት ዓመት ገደማ የነበረች ሕፃን። ትንሹ «ከእኔ ታንሳለች» ብሎ ኮራ። ቤት ስንገባ ግን ኪሎ ሜትሩ አልለቀቃትም። የአባቷን ሜትር አወጣችና በረንዳው ላይ አሥር እርምጃ ተራመደች። 6 ሜትር መጣ።

እሑድ ከአራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 ሐውልት ተነሳን። መድረሻችን ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሐውልት። እሷ ትቆጥራለች፤ እኔ መቶ በሞላ ቁጥር አንድ ሽምብራ ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ አዛውራለሁ። ስንደርስ 23 ሽምብራ። እዚያው ቁጭ ብላ ደብተሯ ላይ ሠራችው፤ 2,300 እርምጃ በ60 ሳንቲ ሜትር። 1,380 ሜትር። ከዚያ ተናደደች። «ከአራት እስከ ስድስት ሁለት ኪሎ መሆን አልነበረበትም? ማነው የቆጠረው?» መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየን።

ይሄ ከየትኛው ግብ ሥር ይገባል? በዕቅዴ መሠረት ያ ሰንበት የግብረ ገብ ምዕራፍ ማካካሻ ነበር። ቀይ ሆነ።

እና የምጠይቃችሁ፣ ስንት ግብ ነው ልክ? እንዴት ተብሎ ነው የሚጻፈው? ቀኑ ሲያልፍስ ግቡን ነው የምቀይረው ልጄን ነው የማስጨንቀው? እናቴም ተቸግራለች፤ ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ስንተኛ ክፍል ናት?» ሲሏት የምትለው ጠፍቷታል።

ሦስተኛ ዓመቴ (ካዛንቺስ)
ኅዳር 9፣ 2018፣ ከምሽቱ 5፡15

እህቴ፣ የፍሪጁን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። የእኛ 61 ነበር።

ወንዱ 11፣ ሴቷ 8 ዓመቷ ነው፤ ቤት ስናስተምራቸው ሦስተኛ ዓመታችን። ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

የተማሪውን መጽሐፍ አውጪ። እያንዳንዱ ምዕራፍ መግቢያ ላይ ተማሪው ምን እንደሚጠበቅበት ይዘረዝራል። ግሶቹን እያቸው። «ይገነዘባሉ»፣ «ያደንቃሉ»፣ «ግንዛቤ ያዳብራሉ» የሚለውን ሁሉ ሰርዢ። «ይለያሉ»፣ «ይጽፋሉ»፣ «ያነጻጽራሉ»፣ «ያሰላሉ» የሚለውን አስቀሪ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለተኛው ዓይነት ይታያል። ጎረቤትሽን ጠርተሽ «ቁጭ በይና እይልኝ፤ ችላለች ወይስ አልቻለችም?» ብትያት፣ ምንም ሳታስረጃት መፍረድ ትችላለች። ጎረቤት ሊፈርድበት የማይችል ግብ ምኞት ነው። ምኞት ክፉ አይደለም፤ ፍሪጅ ላይ ግን አይለጠፍም።

አንቺ ደግሞ አንዱን ግብ ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ! «አንድ ገጽ ደብዳቤ ለብቻዋ ታነባለች፤ ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ፣ ላላነበበው ሰው ምን እንደሚል በራሷ አፍ ትነግራለች።» ከዚህ የተሻለ የአራተኛ ክፍል የአማርኛ ግብ እኔ አላየሁም።

ብዛቱን በተመለከተ፣ እኛ ጋ በአንድ መንፈቅ ለአንድ ልጅ ሦስት ነው። አንድ የንባብ፣ አንድ የቁጥር፣ አንድ የእጅ ወይም የኑሮ። «አካባቢ ሳይንሱስ? ሥዕሉስ? እንግሊዝኛውስ?» ትያለሽ። እነሱ ፕሮግራም ናቸው። ማክሰኞ እንግሊዝኛ አለ፣ ሐሙስ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን፤ ልጆቹ የልጆች ክፍሉ ውስጥ ሲያነቡ እኔ የራሴን አነባለሁ። ይሄ ሁሉ ይደረጋል። በየሳምንቱ ሄጄ የምለካው ግን ሦስቱን ብቻ ነው። አንቺ 43ቱንም ለመለካት ስትሮጪ ማስተማሪያ ጊዜ ከየት አመጣሽ?

የኑሮ ግብ ያልኩት ምን መሰለሽ። ወንዱ ልጄ አምና «200 ብር ይዞ ሱቅ ይሄዳል፤ ስድስት እንቁላልና ዳቦ ይገዛል፤ መልሱን ባለሱቁ ፊት ቆጥሮ ይቀበላል፤ ከጎደለ ይናገራል» የሚል ነበረው። ሒሳቡን በአንድ ሳምንት ቻለው። እኔ ደግሞ ባለሱቁን በጎን ለምኜ ሆን ብሎ 10 ብር እንዲያጎድልበት አደረግኩ። ልጁ ቆጠረ፣ ማነሱን አወቀ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ለምን አልተናገርክም?» ስለው «አፍሬ» አለ። መስከረም ላይ የጻፍነው ግብ የሞላው ታኅሣሥ ላይ ነው። የጎደለው መቀነስ ሳይሆን አፍ ነበር። በካርድ ላይ ይሄ የት ይጻፋል?

ከመጻፍሽ በፊት ግን መነሻውን ለኪ። እኔ ይሄን ሳላደርግ አንድ ዓመት አቃጥያለሁ። አንድ ደቂቃ ስልክሽ ላይ አስይዘሽ፣ አይታው የማታውቀውን ጽሑፍ ታንብብ። ድምጿን ቅጂ። ስንት ቃል፣ ስንት ስህተት፣ ስንት ነገር ገባት። የእኔ ልጅ መጀመሪያ 38 ቃል ከዘጠኝ ስህተት ጋር ነበር። በየወሩ መጀመሪያ እንቀዳለን። የጥቅምቱን ድምፅ መጋቢት ላይ ሲሰማ «ይሄ እኔ ነኝ?» ብሎ ተንከተከተ። ከዚያ ወዲህ እኔ መናገር አላስፈለገኝም።

ቀኑ ሲያልፍ እኛ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ግቡ በዛ ወይ? ከሥሩ የጎደለ ነገር አለ ወይ? ወይስ እኛ አልተቀመጥንም? እውነቱን ለመናገር በእኛ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው። አንድ ጊዜ ግን ሁለተኛው ሆነ። ልጁ ማካፈል ላይ ሁለት ወር ቆመ። እኔ ጮህኩ፣ እሱ አለቀሰ። በኋላ ስናየው ለካ ሲቀንስ መበደር አይችልም! ማካፈሉን ስትሠሪ በየደረጃው መቀነስ አለ፤ በየደረጃው ይወድቃል። ወደ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ መመለስ ነበረብን። እንዳያፍር ሽፋኑን በጋዜጣ ለበጥኩለት። በሦስት ሳምንት ተነሳ። ያ የተለበጠ መጽሐፍ እስካሁን አለ፤ አሁን እህቱ ትሠራበታለች፣ ጋዜጣውን ማንሳት ግን አይፈቀድም ይላል።

አንድ ልጨምር። አንዱን ግብ ራሳቸው ያውጡት። የእኔው «አባዬን ቼዝ እረታለሁ» አለ። ግንቦት ላይ ረታኝ። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ አልናገርም።

ዝም ብዬ አላልፍም
ኅዳር 10፣ 2018፣ ከጠዋቱ 1፡50

ጽሑፋችሁ ያምራል፤ ሽምብራውም ደስ ይላል። ግን ወረቀቱስ? ስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። ስምንተኛ አለ። 12ኛ አለ። ልጅቷ የአራተኛ ክፍል ካርድ ሳይኖራት አምስተኛ ክፍል ማን ይቀበልሻል? የእህቴን ልጅ ከክፍለ ሀገር አምጥተን አንድ ትምህርት ቤት በአንዲት ወረቀት መጓደል አንድ ዓመት ወደ ኋላ መልሷታል። መልቀቂያዋን አውጥተሻል? ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቀሻል? እኔ ብሆን የመጀመሪያው ግብ እሱ ነው የሚሆነው። ደግሞ ልጅ ከልጅ ጋር ነው የሚያድገው። የአጎት ፈተናና የአያት እድር ጓደኛ አይሆንም።

ሒሳብ ዘጊዋ (አራት ኪሎ)
ኅዳር 10፣ 2018፣ ከቀኑ 7፡05

የተቆጣኸው ለልጄ ብለህ ነውና አልከፋኝም። መልቀቂያዋም የሦስተኛ ክፍል ካርዷም እጄ ላይ ነው። ለከርሞ ልናስገባት ያሰብንበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርን አነጋግሬያለሁ። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በሒሳብ የመግቢያ ፈተና እንፈትናታለን ብለውኛል። በቃል ነው ግን። በቃል የተባለ ነገር ሰነድ እንዳልሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እና ልክ ነህ። ሰኞ ወረዳም ትምህርት ቤቱም ሄጄ በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

ጓደኛ አላት። ግቢያችን ውስጥ አምስት ልጆች አሉ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሬን ሊሰብሩት ነው የሚደርሱት።

ፈተና ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። በ2014 ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ አምና 8.4። እነዚያ ልጆች በሙሉ ካርድ ነበራቸው።

ዝም ብዬ አላልፍም
ኅዳር 10፣ 2018፣ ከቀኑ 7፡30

እሱ ትምህርት ቤቶች መታመማቸውን ያሳያል። ቤት መድኃኒት መሆኑን አያሳይም። ወረዳ ግን ሂጂ።

የሌሊት ተረኛ (ልደታ)
ኅዳር 10፣ 2018፣ ከምሽቱ 1፡20

ነርስ ነኝ፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። መጋቢት 7፣ 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ሁላችንም ሳንወድ አስተማሪ ሆነን ነበር። በቴሌግራም የሚላከውን ወረቀት በሙሉ አሳትሜ አሠራኋቸው። አንዱም አላመለጠንም። በኋላ ሳስበው እኔ የለካሁት ወረቀቱን ነው፤ ልጆቹ ምን እንደያዙ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሒሳብ ዘጊዋን በደንብ ነው የምረዳት።

ያኔ ያተረፍኩት አንድ ነገር አለ። ለራሴም ግብ አወጣሁ። «ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት አልጮህም።» ልጆቹ ወረቀት ላይ ቆጠሩልኝ። ከሃያ ቀን ስድስቱን ነው ያለፍኩት። እኔ ስድስት ከሃያ ማምጣቴን ካዩ በኋላ የእነሱን ስህተት መደበቅ ተዉ። በይ፣ ተረኛ ነኝ፣ ልሂድ።

ጡረተኛው መምህር (ቀበና)
ኅዳር 11፣ 2018፣ ከጠዋቱ 3፡10

ልጄ፣ ጽሑፍሽን የልጅ ልጄ አሳየችኝ፤ እኔ እየነገርኳት እሷ ናት የምትጽፈው። 34 ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ የቄስ ተማሪ ነበርኩ።

የትንሹን ልጅ ነገር ስሰማ ሳቄ መጣ። ያ ችግር ዛሬ የመጣ እንዳይመስልሽ። እኛም ሀ ሁን እንደ ዜማ ነበር የምንወርደው። መምህሩ በዜማ መታለል እንዳለ ያውቃሉ። ለዚህ ነው ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ያለው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። አየሽ? ፊደሉም ይቀያየራል፣ ቤቱም ይቀያየራል። ከአ ግዕዝ ወደ ቡ ካዕብ፣ ከዚያ ወደ ጊ ሣልስ ያሻግርሻል። ተከታዩ መስመር በ፣ ጉ፣ ዲ እያለ ይሄዳል። በዜማ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይቆማል። ፊደሉን በዓይኑ ያወቀ ያልፋል። እንግዲህ የልጅሽ አጎት ሳያውቀው አቡጊዳ ነው ያስቆጠረው፤ ክፉ አትበይው።

ይሄን ለትልቋም አድርጊው። ግብ ሞላ ከማለትሽ በፊት ቅደም ተከተሉን አፍርሺና ጠይቂያት። «ስድስት ጊዜ ሰባት ስንት ነው?» አትበያት፤ እሱ ዜማ ነው። «42 እንቁላል አለ፤ በስድስት ሰሃን እኩል አድርጊው» በያት። ነገ ደግሞ «ሰባት ሰው እያንዳንዱ ስድስት ብር ቢያዋጣ 50 ብር ይሞላል?» በያት። በሦስት በር ገብታ እዚያው ክፍል ከደረሰች ክፍሉ የእሷ ነው። እርምጃዋን ቆጥራ ያባዛች ቀን ማባዛትን ጨርሳለች፤ እኔ ብሆን ያንን ቀን ነበር አረንጓዴ የምቀባው። ያን ቀን ማንም «አባዢ» አላላትም።

«ስንተኛ ክፍል ናት?» ለሚሏት እናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኛ ዘንድ ክፍል የለም፣ መንፈቅም የለም። የሚጠየቀው «ምን ላይ ደረሰ?» ነበር። «መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው»፣ «ዳዊት ደገመ» ይባላል። አንዱ በአንድ ዓመት ይደርስበታል፣ አንዱ በሦስት። ሳይዘው የሚያልፍ አልነበረም። ከእኔ በኋላ የመጣ ልጅ ቀድሞኝ ዳዊት ገብቷል፤ ተናድጄ ነበር፣ አልሞትኩም።

ግን ደግሞ ያን ዘመን አላሳምርልሽም። ዱላው ብዙ ነበር። 150ውንም መዝሙር በግዕዝ ደግሜ ስጨርስ አባቴ ዳቦ አስጋገሩ። ከዚያ አንዱን ጥቅስ «ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ እንደ ልጅሽ ዝም አልኩ። የእድሩ ደብዳቤ ለእኔ ያኔ ነው የደረሰኝ። ትርጓሜው ለኋላ ነው የሚባል ነበር፤ ብዙዎቻችን ኋላ ላይ አልደረስንም።

ስለ ወረቀትሽ አንድ ነገር። መምህር ሳለሁ የዕለት ትምህርት ዕቅድ በየቀኑ እንጽፍ ነበር፤ አጠቃላይ ዓላማ፣ ዝርዝር ዓላማ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ዕቅዱን ያያል፣ ማኅተም ይመታል፣ ይሄዳል። ልጆቹን አንድም ቀን አልጠየቀም። በዚያ ዘመን እኔ በጣም የሚያምር ዕቅድ እጽፍ ነበር። ፍሪጁ ላይ ያለው ወረቀት ለሱፐርቫይዘር የተጻፈ ይመስላል። አንቺ ቤት ሱፐርቫይዘሩ ማነው? እስኪ አስቢበት።

ሒሳብ ዘጊዋ (አራት ኪሎ)
ኅዳር 11፣ 2018፣ ከምሽቱ 4፡00

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻው ጥያቄዎ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሥራ አላሠራኝም። ወረቀቱን ያሳተምኩት በትልቅ ፊደል ነው፤ በር ላይ የቆመ እንግዳ እንዲያነበው። ልጆቼ ቁመታቸው አይደርስም። ይሄን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት።

ሒሳብ ዘጊዋ (አራት ኪሎ)
ታኅሣሥ 5፣ 2018፣ ከቀኑ 9፡30

ምን ደረሰ ብላችሁ በግል ለጠየቃችሁኝ።

ወረዳ ሄጄ ነበር። ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቼ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ይዤ ተመልሻለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው። ከትምህርት ቤቱ ግን የመግቢያ ፈተናውን የሚገልጽ ደብዳቤ አግኝቻለሁ። «ዝም ብዬ አላልፍም»፣ ባትነዘንዘኝ አላደርገውም ነበር።

43ቱ ወርደዋል። ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ልጆቹ እየሳሉበት ነው። በምትኩ ለእያንዳንዳቸው አንዲት ትንሽ ወረቀት በእነሱ ቁመት ልክ ለጥፌያለሁ። የትልቋ የመጀመሪያው የደብዳቤው ግብ ነው። መነሻዋን ለካን፤ በደቂቃ 71 ቃል ታነባለች፣ ስህተት ሁለት ብቻ። ካነበበችው ግን መልሳ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው። ፍጥነቱ እኮ ነው ሲያታልለኝ የኖረው! አሁን ሆን ብለን ቀስ እያልን ነው። አንድ አንቀጽ ታነባለች፣ መጽሐፉን ትገለብጠዋለች፣ ለትንሹ ትነግረዋለች። ትንሹ ካልገባው «እህ?» ይላል። ከእኔ ጥያቄ ይልቅ የእሱ «እህ?» ነው የሚሠራው።

ትንሹ አቡጊዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን ወረቀቱን ወርውሮ «ይሄ የተበላሸ ነው!» አለ። አሁን ግን አጎቱን ራሱ እየፈተነው ነው። አጎቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው የትልቋ ግብ የሱቁ ነው። እንቁላል ገዝቶ መልሱን መቁጠሩን ችላለች። እኛ ሰፈር ግን ባለሱቁ 10 ብር አጉድልባት ስለው «እኔ በልጅ ላይ አላደርገውም» አለኝ። ሌላ ሱቅ እየፈለግኩ ነው። ሦስተኛውን ራሷ ታውጣ ብያት «ከአራት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ ለብቻው መለካት» አለች። እሱ ግብ ይሁን ጉዞ አላውቅም፤ ሽምብራው ግን ተዘጋጅቷል።

እናቴ ደግሞ ጎረቤት ሲመጣ «ስንተኛ ክፍል ናት?» ሲሏት «ደብዳቤ ላይ ናት» ማለት ጀምራለች። ማንም አይገባውም፤ እሷ ግን ኮርታ ነው የምትለው።

እስከ ዛሬ ጠዋት ማለቴ ነው። ዛሬ የእድሩ ደብዳቤ መጣ። ልጅቷ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ በልቧ አነበበችው። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ገለበጠችና ለአያቷ ነገረቻት። «ወርሃዊው ከጥር ጀምሮ 150 ብር ነው። ስብሰባ የቀረ 50 ብር ይቀጣል። የጥቅምትና የኅዳር ይታሰባል ይላል። እማማ፣ አንቺ ሁለቱንም ቀን ጉልበቴን አመመኝ ብለሽ ቀርተሻል። 100 ብር አለብሽ።»

እናቴ ወረቀቱን ቀማቻት። «ስንት ሆነ ነው ያልኩሽ እንጂ ማን የእኔን ቁጠሪ አለሽ?»

እስካሁን አኩርፋለች።